ቆጣሪው የማይቆጥረው መንገድ

መርካቶ፣ በርበሬ በረንዳ ረፋዱ አራት ሰዓት ላይ መኪና ከሚሄድበት ይልቅ የሚቆምበት ጊዜ ይበዛል። ዛላ በርበሬ የሞላ ማዳበሪያ የተሸከመ ወጣት «መንገድ! መንገድ!» እያለ ከአንድ ወገን ይመጣል፤ ከሌላው ወገን ጋሪ የሚገፋ ሰው መሽሎኪያ ያጣል፤ ከፊት አንድ አይሱዙ ጭነቱን እያራገፈ መተላለፊያውን ዘግቶታል። በዚህ ሁሉ መሀል አንዲት ሰማያዊና ነጭ ላዳ ፖርቶ መጋላዋ ላይ ሁለት ማዳበሪያ ተጭኖባት፣ ሦስተኛው እስኪመጣ ሞተሯን ሳታጠፋ ትጠብቃለች። ከኮፈኗ በላይ ያለው አየር በሙቀት ይርገበገባል። ጭሷ ከበርበሬው ብናኝ ጋር ተቀላቅሎ የአላፊ አግዳሚውን ጉሮሮ ይቧጥጣል፤ የሚያስነጥሰው ሰው በበርበሬው ይሁን በጭሱ መለየት ይቸግረዋል። ሃያ ደቂቃ ያልፋል፣ ሠላሳም ይሞላል። ከመሪው ኋላ ያለው ኪሎ ሜትር ቆጣሪ ግን አንዲት ቁጥር እንኳ ፈቀቅ አላለም።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ያ ፈቀቅ ያላለ ቁጥር ነው። በአዲስ አበባ፣ በተለይም በመርካቶና በዙሪያዋ የሚሠሩ አሮጌ ባለአራት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተሮች ያለጊዜያቸው ሲወርዱ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ እርጅናቸው ወይም የመለዋወጫ እጦት ተደርጎ ይነገራል። እኔ ግን ዋናው ምክንያት የተሳሳተ አቆጣጠር ነው እላለሁ። የሞተሩን ድካም የምንለካው ጎማው በተንከባለለበት መንገድ ነው፤ ሞተሩ ግን የሚደክመው በራሱ ዙር እንጂ በጎማው አይደለም። የጥገናውን መጠንም የምንወስደው ለሌላ አገር አየርና ለሌላ ከፍታ ከተጻፈ መጽሐፍ ነው። የላዳ ሞተር በሰዓትና በከፍታ ቢለካ ኖሮ ከምናየው በላይ ብዙ ዓመት ይሠራ ነበር፤ ይህንንም ከሞተሩ አሠራር ማሳየት ይቻላል።

ላዳን ለምሳሌ መምረጤ በከተማችን የአሮጌ ሞተር ተምሳሌት ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ ታሪኳም ከመርካቶ ታሪክ ጋር ይመሳሰላል። ጣሊያን አገሩን በያዘበት ዘመን የአገሬውን ሰው ገበያ ወደዚህ ወገን ሲያዛውር መርካቶ የሚለው ስም አብሮ ተተከለ። በዚያው ዘመንና ከዚያ ወዲህ ካንዴላ፣ ቫልቮላ፣ ቴስታታ፣ ፒስቶን፣ ፍሪሲዮን፣ ቺንጋ፣ ማርሚታ የሚሉት ቃላት ከጋራዥ ወደ አማርኛ ገቡ። ላዳም በሥሯ ጣሊያናዊት ናት። መሠረቷ በ1966 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ የዋለችውና በማግስቱ ዓመት የአውሮፓ የዓመቱ መኪና የተባለችው ፊያት 124 ናት። ሶቪየቶች ከፊያት ጋር ተስማምተው በቮልጋ ዳር ፋብሪካ ተከሉ፤ ከተማይቱም አስቀድማ በጣሊያናዊው የኮሙኒስት መሪ ስም ቶሊያቲ ተብላ ነበር፤ በ1970 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያዎቹ መኪኖች ወጡ። ላዳ በደርግ ዘመን አዲስ አበባ ስትደርስ መካኒኩ ለዕቃዎቿ አዲስ ስም መፈለግ አላስፈለገውም። ስሞቹ ቀድመዋት ደርሰው ነበር።

ሞተሩ ግን የፊያት ግልባጭ አልነበረም። የፊያት 124 ካምሻፍት ከታች በብሎኩ ውስጥ ሆኖ ቫልቮላዎቹን በረጃጅም ዘንግ ይገፋ ነበር፤ የላዳው ግን ከላይ በቴስታታው ውስጥ ተቀምጦ በሰንሰለት ይዞራል። የመጀመሪያዋ ላዳ ሲሊንደር 76 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ ፒስቶኑ የሚመላለስበት ርቀት ደግሞ 66 ሚሊ ሜትር ነው፤ አራቱ ሲደመሩ 1,198 ሲሲ ይሆናሉ። በኋላ የመጡት 1,294፣ 1,452 እና 1,569 ሲሲ የሆኑት የዚሁ ሞተር ወንድሞች ናቸው፤ አንዱ ሲሊንደሩ ሰፍቷል፣ ሌላው የፒስቶኑ ምልልስ ረዝሟል። አራቱ ሲሊንደሮች በተራ በተራ ነው የሚሠሩት። አንዱ ቤንዚንና አየር ሲስብ ሌላው ያምቃል፣ ሦስተኛው ይፈነዳል፣ አራተኛው ጭሱን ያስወጣል። ክራንክ ሻፍቱ በዞረ በየግማሽ ዙሩ አንድ ፍንዳታ አለ፤ ቅደም ተከተሉም 1፣ 3፣ 4፣ 2 ነው። ብሎኩ ድፍን ብረት ሲሆን ቴስታታው አልሙኒየም ነው። ይህ የሁለት ማዕድን ጋብቻ በኋላ ይመለስብናል።

አሁን ወደ ቆጣሪው እንመለስ። የመጀመሪያዋ ላዳ በአራተኛ ማርሽ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስትሄድ በየደቂቃው አንድ ኪሎ ሜትር ትጨርሳለች፤ የጎማዋን ዙሪያና 4.3 የሆነውን የዲፈረንሻል ምጣኔዋን ይዞ ላሰላ ሰው፣ በዚያች አንድ ኪሎ ሜትር ሞተሩ 2,400 ጊዜ ያህል ይዞራል። ቆማ በሚኒሞ ስትሠራ ደግሞ በደቂቃ 850 ጊዜ ገደማ ትዞራለች። ይህ በሰዓት 51,000 ዙር ነው። 51,000ን ለ2,400 ብናካፍል 21 ይመጣል። ስለዚህ በርበሬ በረንዳ ላይ ለአንድ ሰዓት ሞተሯን ሳታጠፋ የቆመች ላዳ፣ በሞተሯ ዙር ሲታይ፣ ከመርካቶ ተነሥታ ሰበታ ልትደርስ ምንም ያህል አልቀራትም፤ ቆጣሪዋ ግን እዚያው ነው። በቀን ሦስት ሰዓት፣ በወር 26 ቀን እንዲህ ብትቆም በስድስት ወር ወደ 10,000 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የሞተር ዙር ይጠራቀማል። የፋብሪካው መጽሐፍ የሞተር ዘይት በየ10,000 ኪሎ ሜትር ይቀየር ይላል። መኪናዋ አንድ ክንድ ሳትራመድ የዘይት ጊዜዋን ጨረሰች ማለት ነው። በዚህ ላይ በአንደኛ ማርሽ የሚደረገው እንፉቅቅ አለ። የአንደኛ ማርሽ ምጣኔዋ 3.75 ስለሆነ በአንደኛ የተጓዘች አንድ ኪሎ ሜትር በአራተኛ ከተጓዘች አራት ሊሞላ ጥቂት ከቀረው ኪሎ ሜትር ጋር በዙር እኩል ናት። ከራጉኤል ወደ በርበሬ በረንዳ የሚደረገው የሥራ ቀን ጉዞ ከዚህ የተለየ አይደለም።

እዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ጠንካራ ነው፤ መካኒኮችም ያነሡታል። ዙር ሁሉ እኩል አይደለም፤ በሚኒሞ የሚሠራ ሞተር ሸክም የለበትም፤ ሰው ቁጭ ብሎ ሲተነፍስና አቀበት ሲወጣ እኩል አይደክምም ይላሉ። ስለ ፒስቶንና ስለ ክራንክ ሻፍት ከሆነ እውነት አላቸው። ነገር ግን በዚህ ሞተር ውስጥ በዝግታ ሲዞር ይበልጥ የሚጎዳ ክፍል አለ፤ እሱም ካምሻፍቱ ነው። ካሙ ቫልቮላውን ለመክፈት ጠንካራ ስፕሪንግ መጭመቅ አለበት። ሞተሩ በፍጥነት ሲዞር ቫልቮላው ወደ ታች የመወርወር ጉልበት ስለሚያገኝ በካሙ ጫፍ ላይ ያለው ጫና ይቀልላል፤ በሚኒሞ ጊዜ ግን ይህ እርዳታ የለም፤ የስፕሪንጉ ግፊት ሙሉ በሙሉ በዚያች ጠባብ ጫፍ ላይ ያርፋል። እያንዳንዱ ቫልቮላ በደቂቃ 425 ጊዜ ይከፈታል። በዚያው ሰዓት የዘይት ፓምፑም ቀስ ብሎ ነው የሚዞረው። በሙሉ ፍጥነት ከ3.5 እስከ 4.5 ኪሎ ግራም በካሬ ሴንቲ ሜትር የሚደርሰው የዘይት ግፊት፣ ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ ሲሠራ ወደ 0.5 ሊወርድ ይችላል፤ ካምሻፍቱ ደግሞ ዘይት ከታች ተነሥቶ መጨረሻ ላይ የሚደርስበት ከፍተኛው ቦታ ነው። ጫናው ሲበረታ ዘይቱ ሲያንስ ምን እንደሚሆን ማንም ይገምታል። የላዳ ካም ጫፉ ተበልቶ መገኘቱ በመካኒኮች ዘንድ የታወቀ ነው፤ ጥፋቱን ግን ብዙ ጊዜ በብረቱ ጥራት ላይ እናላክካለን።

ከዚህ የባሰውን የሚያደርሰው ግን የቤንዚኑ ነገር ነው፤ ይህን ለመረዳት ከፍታችንን ማሰብ ያስፈልጋል። መርካቶ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛው ብቻ ነው። ሞተር አየር ሲስብ የሚሞላው በመጠን እንጂ በክብደት አይደለም፤ ስለዚህ በእያንዳንዱ ስቦሽ አንድ አራተኛ ያህል ኦክስጅን ይጎድልበታል፤ ፋብሪካው 60 የፈረስ ጉልበት ገደማ ብሎ የላከው ሞተር እዚህ 45 ያህሉን ቢሰጥ አንደነቅም። ይህ ጉልበት ብቻ ቢሆን ኖሮ በትዕግሥት ይታለፍ ነበር። ችግሩ ካርቡራተሩ አየሩ መሳሳቱን አለማወቁ ነው። በጂግለሩ ቀዳዳ በኩል ቤንዚን የሚያንጠባጥበው ቶሊያቲ ላይ እንደተለመደው ነው፤ ስሌቱ ሲሠራ ድብልቁ እዚህ ከሚገባው ከአሥር እስከ አሥራ አምስት በመቶ ያህል በቤንዚን ይወፍራል። ያልነደደው ቤንዚን መሄጃው ሁለት ነው። ከፊሉ በማርሚታው በኩል ወጥቶ የበርበሬ በረንዳን ሰው ያስላል። ከፊሉ በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ያለውን ስስ የዘይት ሽፋን አጥቦ በፒስቶኑ ፋሻዎች በኩል ወደ ታች ይወርድና ከሞተሩ ዘይት ጋር ይቀላቀላል። ዘይቱ ይቀጥናል። መለኪያ ዘንጉ ሲወጣ ዘይቱ አልጎደለም፣ እንዲያውም ሞልቶ ይታያል፤ ባለመኪናው ሞተሬ ዘይት አይበላም ብሎ ደስ ይለዋል። ዘንጉን ወደ አፍንጫው ቢያስጠጋ የቤንዚን ሽታ ይነግረው ነበር።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሆኖም የሚሠራው እምብዛም ነው። ዋናውን ጂግለር ለከፍታችን በሚስማማ ጠበብ ባለ መቀየር፣ የሚኒሞውን ድብልቅ ብሎን እንደገና ማስተካከል፣ ካንዴላውንም እንደ ደብዳቤ ማንበብ። ካንዴላው ሲወጣ ጫፉ የተቆላ ቡና መልክ ካለው ድብልቁ ልክ ነው፤ ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚኑ በዝቷል፤ ከነጣ አንሷል ወይም ሞተሩ ከመጠን በላይ ይግላል፤ በዘይት ከረጠበ ፋሻው ወይም የቫልቮላው ጎማ አልቋል። ከአራቱ አንዱ ብቻ ከተለየ ደግሞ ችግሩ የካርቡራተሩ ሳይሆን የዚያ ሲሊንደር ነው። የካንዴላው ክፍተት ከ0.5 እስከ 0.6 ሚሊ ሜትር፣ የዲስትሪቡተሩ ኮንታክት ደግሞ 0.4 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ኮንታክቱ በተቃጠለ ቁጥር ክፍተቱ ይለወጣል፣ ክፍተቱ ሲለወጥ እሳቱ የሚሰጥበት ቅጽበት አብሮ ይዛነፋል። እሱም ቢሆን የሚያልቀው በሞተሩ ዙር ነው፤ ጎማው ቆመም ሄደም ለኮንታክቱ ልዩነት የለውም።

በርበሬው ራሱም በነገሩ ውስጥ እጅ አለው። ዛላው ከማዳበሪያ ወደ ማዳበሪያ ሲገለበጥ፣ ሲመረጥ፣ ሲጫን የሚነሣው ቀይ ብናኝ በአየር ማጣሪያው መሳቢያ በኩል ይገባል። ላዳ ማጣሪያዋ ክብ ነው፤ ክዳኑ ተነሥቶ የወረቀት ማጣሪያው ወደ ብርሃን ሲያዝ በእጥፋቶቹ መካከል ያለው ቀይና ቡናማ ደለል ይታያል፤ ጣት ሲነካው ዱቄት ሆኖ ይረግፋል። የበርበሬው ብናኝ ለስላሳ ነው፤ ሞተር ውስጥ ቢገባ ይነድዳል እንጂ ብረት አይፍቅም። ከዛላው ጋር ከማሳ የመጣው አፈር ግን አሸዋ አለበት፤ አሸዋ ደግሞ ለፒስቶንና ለሲሊንደር እንደ ብርጭቆ ወረቀት ነው። ማጣሪያው አፈሩን ሲይዝ ሥራውን ሠርቷል፤ ነገር ግን ሲደፈን አየር ያንሳል፣ አየር ሲያንስ ቀድሞውንም የወፈረው ድብልቅ የባሰ ይወፍራል። ማጣሪያን ቀድዶ ወይም አውጥቶ መንዳት ጉልበት የሚጨምር የሚመስላቸው አሉ። ለሳምንት ይጨምራል። ከዚያ ወዲያ ፋሻው ማለቅ ይጀምራል። መርካቶ ውስጥ የሚሠራ መኪና ማጣሪያውን በየሳምንቱ አውጥቶ ማራገፍ፣ በሁለት በሦስት ወር መለወጥ ይገባዋል፤ ቃሊቲ መንገድ ላይ ለሚነዳ ሰው የተባለው ኪሎ ሜትር ለዚህ ገበያ አይሠራም።

ቀጥሎ የሙቀቱ ጉዳይ አለ፤ አሮጌ ሞተር አዲስ አበባ ላይ በአንድ ቀን የሚሞተው በዚህ ነው። ውሃ እዚህ ከፍታ ላይ በ100 ዲግሪ አይፈላም፤ 92 ዲግሪ ገደማ ይበቃዋል። የላዳ ቴርሞስታት መከፈት የሚጀምረው 80 ዲግሪ አካባቢ ነው። በመካከል ያለችው ልዩነት ጥቂት ናት። ይህችን ልዩነት የሚያሰፋልን የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ በክዳኑ ውስጥ ያለው ስፕሪንግ ውሃውን አፍኖ ግፊት ሲጨምርበት የመፍያው ነጥብ ወደ 105 ዲግሪ ይጠጋል። ስፕሪንጉ የላላ ወይም ላስቲኩ የደረቀ ክዳን ያለው መኪና አሥራ ሦስት ዲግሪ ያህል መከላከያውን ጥሎ ነው የሚሄደው። ክዳን በሞተሩ ላይ ካለው ሁሉ ርካሹ ዕቃ ሳይሆን አይቀርም፤ በላስቲክ ቁራጭና በጨርቅ የታሰረ ክዳን ግን ስንት ጊዜ ይታያል! በአሮጌዎቹ ላዳዎች ላይ ደግሞ ማቀዝቀዣው ፕሮፔለር የሚዞረው በቺንጋ ስለሆነ ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ እሱም በሚኒሞ ነው የሚዞረው። ነፋስ የለም፣ መኪናዋ አልተንቀሳቀሰችም፣ ፊት ለፊቷ የአይሱዙ ማርሚታ አለ። ቺንጋው ከላላ ደግሞ ያውም ይቀንሳል።

ሲግል የሚወሰደው የተለመደ መፍትሔ ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል ነው። «እኛ አገር ብርድ የለም፣ ምን ያደርግልናል» ይባላል። ለብዙ መኪና ይህ ስህተት ነው፤ ለላዳ ግን እጥፍ ስህተት ነው። የላዳ ቴርሞስታት ሁለት በር አለው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ውሃው ወደ ራዲያተር ሳይሄድ በአቋራጭ እንዲመለስ ያደርጋል፤ ሲሞቅ የራዲያተሩን መንገድ ከፍቶ አቋራጩን ይዘጋል። ውስጡ ሲወጣ አቋራጩ ሁልጊዜ ክፍት ይሆናል፤ ከፊሉ ውሃ ራዲያተሩን ሳያይ እንደጋለ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ሙቀት ለመቀነስ የተደረገው ሙቀት ጨመረ ማለት ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ደግሞ ተቃራኒው ይደርሳል፤ ሞተሩ ሳይሞቅ ብዙ ይቆያል፣ ቤንዚኑ በቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ይረጋል፣ ከዚያም ወደ ዘይቱ ይወርዳል። በሃይላንድ ፕላስቲክ እየተቀዳ የሚጨመረው የቧንቧ ውሃም ዋጋ አለው። ውሃው ሲተን ማዕድኑ ይቀራል፤ ንጣፍ ሆኖ የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎች ያጠብባል፤ የአልሙኒየሙን ቴስታታም ይበላል። አልሙኒየም በሙቀት ከብረት እጥፍ ያህል ይለጠጣል። የጋለው ቴስታታ በብረቱ ብሎክ ላይ ታስሮ መለጠጥ ሲያቅተው ይጣመማል፣ በሁለቱ መካከል ያለው ጓርኒሲዮን ይቃጠላል፣ ውሃና ዘይት ይገናኛሉ፣ መለኪያ ዘንጉ ላይ ወተት ያለው ቡና የመሰለ ነገር ይወጣል። ከዚህ በኋላ ያለው መንገድ ወደ ቶርኖ ቤት ነው። የሁለቱ ማዕድናት ጋብቻ የሚፈርሰው እንዲህ ነው፤ መነሻው ብዙ ጊዜ አንዲት ክዳን ናት።

ልምድ ያለው መካኒክ ይህን ሁሉ ቁጥር አያስፈልገኝም፣ ጆሮዬ ይበቃኛል ሊል ይችላል። የመካኒክን ጆሮ አልንቅም፤ የሰንሰለትን መርገብገብ፣ የኩሽኔታን ማንኳኳት፣ የአንድ ሲሊንደርን መሳት ከመሣሪያ ቀድሞ የሚለይ ጆሮ አለ። ጆሮ የማይሰማው ግን አንድ ነገር አለ፤ እሱም የጠበበ ቫልቮላ ነው። የላዳ ቫልቮላ ክፍተት ሞተሩ ቀዝቅዞ 0.15 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፤ የሁለት የደብተር ወረቀት ውፍረት ማለት ነው። ካሙና መግፊያው ሲበሉ ክፍተቱ ይሰፋል፣ ሞተሩም ይንቀጫቀጫል፣ ይህን ጆሮ ይሰማል። ነገር ግን የቫልቮላው መቀመጫ እየተበላ ሲሄድ ቫልቮላው ወደ ላይ ይወጣና ክፍተቱ ይጠብባል። ሞተሩ ያኔ ጸጥ ይላል፣ ያምራል። ሲሞቅ ክፍተቱ ፈጽሞ ይጠፋል፤ የጭስ ማስወጫው ቫልቮላ ሳይገጥም ይቀራል፤ እሳቱ በጠርዙ በኩል እየሾለከ እንደ ሻማ ይበላዋል። ዝም ያለው ሞተር ከሚያንኳኳው የባሰ በሽተኛ የሚሆንበት ጊዜ አለና መለካት ያስፈልጋል።

አለካኩም የሚከብድ አይደለም። ጧት፣ ሞተሩ ሳይነሣ፣ የቴስታታው ክዳን ይከፈታል። ክራንክ ሻፍቱ በእጅ እየዞረ በየግማሽ ዙሩ ሁለት ሁለት ቫልቮላ ይለካል፤ መጀመሪያ 8ኛውና 6ኛው፣ ቀጥሎ 4ኛውና 7ኛው፣ ከዚያ 1ኛውና 3ኛው፣ በመጨረሻም 5ኛውና 2ኛው። ፊለር ጌጅ የሚባለው ስስ የብረት ቅጠል በካሙና በመግፊያው መካከል ይገባል። በ17 መፍቻ ቆላፊው ይላላል፣ በ13ቱ ማስተካከያው በትንሹ ይዞራል፣ ቅጠሉም በሌላው እጅ ወዲያ ወዲህ ይሳባል። ልክ ሲሆን ቅጠሉ በነጻ አይንሸራተትም፣ አይነክስምም፤ ከተዘጋ መጽሐፍ መሀል አንድ ወረቀት እንደ መሳብ ያለ ለስላሳ መጎተት ይሰማል። ከዚያ ቆላፊው ይጠብቃል፤ ሲጠብቅ ክፍተቱን ሊያዛባው ስለሚችል እንደገና ይለካል። ብዙዎች የሚዘልሉት ይህችን ሁለተኛ ልኬት ነው። ስምንቱም አልቀው ክዳኑ ሲገጠም አንድ ሰዓት አይሞላም፤ ለሰንሰለቱም እዚያው ማጥበቂያው ብሎን ላልቶ፣ ሞተሩ በእጅ ሁለት ዙር ዞሮ፣ ብሎኑ ሲታሰር በቂ ነው። የዚህ ትውልድ ሞተር ትልቁ ጸጋ ይህ ይመስለኛል፤ የሚለካው ሁሉ በእጅ ይደረስበታል፣ የተለካው ሁሉ ወደ ቦታው ይመለሳል።

ስለ ወጪ የሚነሣው ጥያቄ የእውነት ጥያቄ ነው። ዘይት ተወድዷል፤ ከ2014 ዓ.ም. ሐምሌ ጀምሮ የነዳጅ ድጎማ እየተነሣ ሲመጣ የባለታክሲው ኪስ ሳስቷል፤ በሰዓት ተቆጥሮ ዘይት ይቀየር ማለት ለድሃ ሰው የሚባል ነገር ነውን ሊባል ይችላል። ላዳ ከነዘይት ማጣሪያዋ የምትይዘው ዘይት 3.75 ሊትር ነው። ይህን በዓመት ሁለት ጊዜ ጨምሮ መቀየር የሚጠይቀው ሰባት ሊትር ተኩል ነው። በሌላው የሚዛን ወገን ካምሻፍት፣ ስምንት መግፊያ፣ ፋሻ፣ ኩሽኔታ፣ የቶርኖ ቤት ዋጋና መኪናዋ ያለ ሥራ የቆመችበት ቀን አለ። ሚዛኑ ወዴት እንደሚያጋድል ባለታክሲው ከእኔ በተሻለ ያውቃል። ችግሩ የመጀመሪያው ወጪ ዛሬ የሚከፈል፣ ሁለተኛው ደግሞ ነገ የሚመጣ መሆኑ ነው። እዚህ ላይ የመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ቅርብ መሆኑ ራሱ ያሳስታል። ከበርበሬ በረንዳ በእግር ተኪዶ መለዋወጫው የሚገኝ ከሆነ፣ ከመለካት መቀየር ይቀላል የሚል ልማድ ይበቅላል። ጓርኒሲዮኑ ተቀይሮ የተጣመመው ቴስታታ ሳይላግ ከተገጠመ ግን አዲሱም በወሩ ይቃጠላል። ያልተለካ ሞተር ላይ የሚገባ አዲስ ዕቃ የአሮጌውን ዕጣ ነው የሚወርሰው።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ግን መጨረሻ ላይ የሚመጣው ነው፤ እነዚህን መኪኖች ለምን እንጠግናለን፣ ለምን አናስወግዳቸውም የሚለው። ጭሳቸው የሕፃናትንና የተሸካሚዎችን ሳንባ ይጎዳል፤ የጭስ ማጣሪያ ካታሊስት የላቸውም። ይህን ማስተባበል አይቻልም፤ በተሻለ መኪና መተካት የሚችል ሰው ቢተካ እሰየው። ነገር ግን በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት እጅግ አስወድዷል፤ በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ከኤሌክትሪክ በስተቀር አውቶሞቢል እንዳይገባ መወሰኑን አስታወቀ። አቅጣጫው መልካም ነው። ውጤቱ ግን አንድ ነገርን የግድ ያመጣል፤ ዛሬ በከተማው ያለው የቤንዚን ሞተር ሁሉ፣ ላዳው ብቻ ሳይሆን ዲኤክሱም ቪትዙም፣ ከታሰበለት በላይ ይቆያል። ስለዚህ ምርጫው በአሮጌና በአዲስ መካከል አይደለም፤ በተስተካከለ አሮጌና ባልተስተካከለ አሮጌ መካከል ነው። ጂግለሩ ለከፍታው የተመጠነ፣ ማጣሪያው የጸዳ፣ ቫልቮላው የተለካ ላዳ ንጹሕ መኪና አይሆንም፤ ካልተስተካከለው ጋር ሲነጻጸር ግን የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ በእጅጉ ያንሳል፤ ይህም ነገ ሳይሆን መፍቻው በተነሣበት ቀን ነው።

ከሁሉ ርካሹ ጥገና ደግሞ ቁልፉን ማጥፋት ነው፤ ማዳበሪያው እስኪመጣ ሞተሩ ምን ይሠራል? ሾፌሮች ለዚህ መልስ አላቸው፤ ከግለት በኋላ ካጠፋኋት አትነሣልኝም ይላሉ፤ ውሸትም አይደለም። የላዳ የቤንዚን ፓምፕ በሞተሩ ጎን የተገጠመ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ውሃውም ፕሮፔለሩም ይቆማሉ፤ የብሎኩ ሙቀት ወደ ፓምፑ ይሄዳል፤ ቤንዚን ደግሞ በዚህ ከፍታ ላይ በቀላሉ ይፈላል። በፓምፑና በካርቡራተሩ መካከል ባለው ቱቦ እንፋሎት ይሞላል፤ ፓምፑ እንፋሎት መግፋት አይችልም። ስለዚህ ሾፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ ይቆማል፤ አንድ ሰዓት ያነድዳል። መድኃኒቱ በፓምፑና በብሎኩ መካከል ያለው ሙቀት የማያሳልፍ ወፍራም መለያያ ነው። ፓምፑ ተፈትቶ በታሰረ ቁጥር ይህ መለያያ ይሰበራል ወይም ይጣላል፤ በምትኩ ስስ ወረቀት ይገባበታል። መለያያው ሙቀት ከመከልከሉም ሌላ የፓምፑን ምት የሚመጥነው እሱ ነው። በልኩ የተሠራ መለያያ ከገባ፣ የቱቦው መንገድ ከማርሚታው ከራቀ ላዳዋ ጠፍታ ትነሣለች። መለያያው እስኪገኝ ድረስ አሮጌ ሾፌሮች የሚያውቁት ዘዴ አለ። እርጥብ ጨርቅ ፓምፑ ላይ ይጠቀለላል፤ ውሃው ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ሦስተኛው ማዳበሪያ ፖርቶ መጋላው ላይ ወጥቶ በገመድ እስኪታሰር፣ ሒሳብ እስኪከፈል፣ አይሱዙው ለቅቆ እስኪወጣ ጨርቁ ይደርቃል። ከዚያ ኮፈኑ ይዘጋል፣ ቁልፉም ይዞራል።